ሁለተኛው ፊውዝ

ደበላን ከበርሜሉ ያወጡት አራት ሰዎች ናቸው። ካወጡት በኋላ ግን ማን ራሱን፣ ማን እግሩን እንደያዘ፣ የበርሜሉን ክዳንስ ማን እንደከፈተ ሲጠየቁ አራቱም መሬት መሬት አዩ። «አወጣነው» ነው መልሳቸው። ከዚያ የሚያልፍ ቃል ከአንዳቸውም አፍ አልወጣም።

መቶ አለቃ ዓምሃ ከሬሳው ይልቅ ይህን መልስ ጠላው። በወንጀል ምርመራ ሥራው ብዙ ሬሳ አይቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊትማ ከየመንገዱ ዳር የተጣሉ፣ «ማን ገደላቸው?» ተብሎ የማይጠየቅባቸውን ሬሳዎች አይቶ አልፏል። እግሩ ቢያልፍም ሆዱ አላለፈም። ከዚያ ወዲህ «ማን?» ሲባል «እኛ» የሚል ሰው ሲያጋጥመው የበላው የማይረጋለት ሰው ሆኗል።

ቀኑ ዓርብ ነው። ወሩ ሐምሌ፣ አብዮቱ ስምንተኛ ክረምቱን የያዘበት ዘመን። ከእንጦጦ የወረደው ጉም በጉለሌ ዳገት ላይ ተኝቷል። ከወንዙ ዳር ያለው የቆዳ ፋብሪካ ከባለቤቱ ተወርሶ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ግድግዳው ላይ መፈክር ቢጨመርለትም ሽታው ያው የድሮው ነው። የራሰ ፀጉር፣ ኖራ፣ የበሰበሰ ስብ። የሰፈሩ ሰው ለምዶታል ይባላል። ዓምሃ ግን ከበሩ እንደገባ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ነበር፤ ከሬሳው አጠገብ ሲደርስ አነሣው። ሟችን አፍንጫ ይዞ ማየት ነውር መሰለው።

በርሜሉ ከእንጨት የተሠራ፣ አንድ ክፍል ቤት የሚያህል ነው። ቆዳው ከነኬሚካሉ ተጭኖበት በሞተር እየተሽከረከረ ይለፋበታል። ውስጡ ዙሪያውን ቆዳውን እያነሡ የሚጥሉ ወፋፍራም የእንጨት ካስማዎች አሉት። ደበላ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነበር። በምሳ ሰዓት የተሰበሩ ካስማዎችን ሊቀይር ብቻውን ገባ። የምሳው ማብቂያ ሲረና ሲነፋ በርሜሉ ተነሣና ከነነፍሱ አሽከረከረው። ካስማዎቹ ቆዳ የሚያደርጉትን እርሱንም አደረጉት።

ዓምሃ ተንበርክኮ ኪሶቹን ፈተሸ። ከቀበቶው ላይ የቁልፍ ዘለላ ተንጠልጥሏል። ከደረት ኪሱ ደግሞ አንድ ነጭ የሸክላ ፊውዝ ወጣ። ጫፉ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ አጥፊው ተይዟል» አለው ረዳቱ ሃምሳ አለቃ ቶለሳ። «በርሜሉን ያስነሣው ፈድሉ የሚባል ሠራተኛ ነው። አብዮት ጥበቃዎች ዘበኛ ቤት ውስጥ አስረው አስቀምጠውታል።»

ዓምሃ ፊውዙን አገላበጠው። ከዚያ ከበርሜሉ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የኤሌክትሪክ ሳጥን አስከፈተ። ውስጡ ሌላ ፊውዝ በቦታው ተሰክቶ ቁጭ ብሏል። የዚህኛው ጫፍ ሰማያዊ ነው።

«ይህን ሳጥን ማንም እንዳይነካው። አንተ ራስህ ቁምለት» አለው ቶለሳን።

እጁ በደምና በጥቁር ዝቃጭ ተለውሷል። ወደ መታጠቢያው ሄዶ ቧንቧውን ከፈተ። ቧንቧው ተንፍሶ ዝም አለ። ሁለተኛውን ከፈተ፤ እርሱም ደረቅ ነው። እጁን ከሰውነቱ አርቆ እንደያዘ ወጣ።

ፈድሉ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ጢሙ በሄና የቀላ ሰው ነው። እጁ የፊጥኝ ታስሯል። ዓምሃ መጀመሪያ አስፈታው።

«ያስነሣኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፤ ወላሂ እኔ ነኝ» አለ ፈድሉ። እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል። «ጁምዓ ሰግጄ ተመለስኩ። ከሌሎቹ ሙስሊሞች ጋር ነው የገባነው፤ ከበር ስንገባ ሲረናው እየነፋ ነበር። በርሜሉ ክዳኑ ተዘግቷል። መሰላል የለም። ተጭኖ አለቀ ብዬ ማብሪያውን ተጫንኩ።»

«ከፍተህ አላየህም?»

«ማየት የእኔ ሥራ አይደለም። ቆዳ የሚጭኑት ሌሎች፣ ክዳን የሚዘጉት ሌሎች...» አለና አፉ ላይ የመጣው ቃል እንደ ሬት የመረረው ይመስል አቋረጠ።

ዓምሃ ቀዩን ፊውዝ አሳየው። «ይህ ከኪሱ የወጣ ነው።»

«ኧረ የእኔ በርሜል ፊውዝ ነው! ደበላ በርሜል ውስጥ ሲገባ ፊውዙን ነቅሎ በኪሱ ይዞ ነበር የሚገባው። ሌላውንም ሰው እንዲያ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ፊውዝ ከሌለ ማብሪያውን ቀኑን ሙሉ ብትጫነው በርሜሉ አይነሣም። ለየማሽኑም ቀለም ለይቶ የቀባው እርሱ ነው። ‹ዕቃ ሁሉ ባለቤቱ ይታወቅ› ይል ነበር።» ፈድሉ በድንገት ቀና አለ። «ታዲያ ለእኔ እንዴት ተነሣልኝ?»

«ሰማያዊው የማን ነው?»

«አላውቅም ጌታዬ። እኔ የማውቀው የእኔን በርሜል ብቻ ነው።»

ዓምሃ ከዘበኛ ቤቱ ሲወጣ ነገሩ አደጋ አለመሆኑን ያውቅ ነበር። ፈድሉ የሌላ ሰው እጅ ሆኗል። የእጁ ባለቤት ደግሞ ከእነዚህ ግድግዳዎች ውስጥ ነው። ዘበኛው በምሳ ሰዓት ከግቢው ውስጥ ማን እንደቀረ ሲጠየቅ ሦስት ሰዎችን ቆጠረለት። ሌላው ሠራተኛ ከግቢው ውጭ ካለው ክበብ ምሳውን እየበላ ነበር።

የመጀመሪያው የምርት ክፍል ኃላፊው ታረቀኝ ነው። የፋብሪካው የውይይት ክበብ ሊቀ መንበርም እርሱ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚደረገውን የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ይመራል። ካኪ ለብሶ፣ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ከጠረጴዛው በስተጀርባ ቆሞ ተቀበለው።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ሁኔታው የሚያሳየው የሥራ ዲሲፕሊን ጉድለት እንደ ክስተት...»

«ደበላን ታውቀው ነበር?»

ታረቀኝ ንግግሩ ስለተቆረጠበት ቅር አለው። «እንዴት አላውቀውም! የአንድ ሰፈር ልጆች ነን። እዚሁ ሩፋኤል ጋ አንተ ተባብለን፣ ተደባድበን ነው ያደግነው። እስከ ዛሬም ‹ታሬ› ነበር የሚለኝ።»

«በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። የነገውን ስብሰባ ንግግር እያዘጋጀሁ።»

«ርዕሱ ምንድን ነው?»

«‹የተጠያቂነት ባህል በምርት ግንባር›።»

ዓምሃ የታረቀኝን መስኮት ተመለከተ። በርሜሎቹ ያሉበት አዳራሽ ጣሪያ ከፊት ለፊቱ ነው። «ምንም አልሰማህም?»

«ምንም» አለ ታረቀኝ። ግን ዓይኑን አሸሸ። «ማለቴ... ፋብሪካ ነው። የሚንኳኳ ነገር አይጠፋም። ጥገና አለ መሰለኝ።»

ሁለተኛዋ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ናቸው። በነጠላ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው በመደርደሪያዎቹ መሐል ተቀምጠዋል። የዓምሃን እጅ ሲያዩ ደነገጡ።

«ኧረ ልጄ፣ ታጠብ!»

«ውኃ የለም።»

«እውነትህን ነው፤ ከምሳ ወዲህ ጠፍቷል። እይ እንግዲህ፤ ወንዝ ዳር ተቀምጠን የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሆነብን።»

«ለማን ተናገራችሁ?»

«ውኃ የጥገና ጉዳይ ነው። ጥገናው ደግሞ...» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡት።

«ፊውዝ ዛሬ ከእርስዎ ዘንድ የወሰደ ሰው አለ?»

ሴትዮዋ ተነሥተው ወደ አንድ መደርደሪያ ወሰዱት። ባዶ ነው፤ አቧራው እንኳ አልተነካም። «ካለቀ ከርሟል። ደበላ ይግዙ እያለ ጮኸ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ኮሚቴ ይየው አሉ፤ ኮሚቴው ደግሞ ዋና ሥራ አስኪያጁ ይዩት አለ። አንድ ፊውዝ አላገኘም ነፍሱን ይማረውና።»

«ዛሬ አይተውት ነበር?»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ወደ በሩ ተመለከቱ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጠዋት ከላይ ቢሮዎቹ ካሉበት ኮሪደር ሲናገር ሰምቼዋለሁ። እኔ ደረጃው ሥር ነበርኩ፤ ከማን ጋር እንደሆነ አላየሁም። የታረቀኝም የሥራ አስኪያጁም ቢሮ እዚያው ትይዩ ነው። ‹ነገ በስብሰባው ላይ እኔ የእኔን እናገራለሁ፤ እርስዎ የእርስዎን ይናገሩ› አለ። እንዲህ ነው ያለው። ከዚያ ወርዶ ሄደ።»

«በምሳ ሰዓትስ? ሲንኳኳ ሰምተዋል?»

 «ሰምቻለሁ» አሉ። «እንጨት በመዶሻ ሲደበደብ። የሰው ድምፅም ያለበት መሰለኝ። ግን እኔ የግምጃ ቤት ሰው ነኝ፤ የበርሜሉ ነገር...»

«አይመለከትዎትም።»

«አይመለከተኝም ብዬ ነበር» አሉና ተቀመጡ።

ዓምሃ ከግምጃ ቤቱ ሲወጣ ነገሩ ከፊቱ ተደቀነ።  አንድ ሰው በጨለማ በርሜል ውስጥ ተዘግቶ በመዶሻው እየደበደበ ይጮኻል፤ አንዱ መስኮቱ ሥር ስለ ተጠያቂነት ንግግር ይጽፋል፤ አንዷ መደርደሪያዋን ትጠብቃለች። ከበሩ ጥግ ተደግፎ አየር ሳበ። የሳበው አየርም ያው የፋብሪካው ነበር።

ሦስተኛው ዋና ሥራ አስኪያጁ ጓድ ስብሐት ናቸው። ሸምገል ያሉ፣ ሽበታቸው የሚያምር፣ በውጭ አገር ምሕንድስና የተማሩ ሰው ናቸው። ሠራተኛው «አባት» ይላቸዋል። ዓይናቸው በልቅሶ ቀልቷል።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ያን ምስኪን ፈድሉን ይልቀቁት» አሉ ገና ሳይቀመጥ። «ኃላፊነቱ የእኔ ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ለሚደርሰው ሁሉ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜም እንዲህ እላለሁ። ሠራተኛውን ይጠይቁ።»

«ጠይቄያለሁ። እውነትም እንዲህ ይላሉ አሉኝ። በምሳ ሰዓት ምን ያደርጉ ነበር?»

«እዚሁ ነበርኩ። ጨጓራዬን ያመኛል፤ ምሳ ከተውኩ ቆይቷል።»

«ደበላ ምን ዓይነት ሠራተኛ ነበር?»

«ወርቅ! እንደ ልጄ ነበር የማየው። አንቱ እያለ እንዴት እንደሚያከብረኝ...» መሐረባቸውን አወጡ። መሐረቡ ሲወጣ ኪሳቸው ውስጥ ቁልፎች ተንቃጨሉ።

«ብዙ ቁልፍ ይይዛሉ?»

«ምን ላድርግ ብለው ነው? ሌባው በዛ። የነዳጁን፣ የውኃ ፓምፑን፣ የመኪናውን ጋራዥ ሁሉ እኔው ነኝ የምይዘው። ለፓምፑ ብቻ ሌላ ቁልፍ ለደበላ ሰጥቻለሁ። የእኔ ግን ቀንም ማታም ከኪሴ አይወጣም። ኃላፊነት ማለት ይኸው አይደል?»

«ይኸው ነው» አለ ዓምሃ።

ከቢሮው ሲወርድ ከደረጃው ሥር አንዲት ጥቁር የለበሰች ወጣት ሴት ጠበቀችው። ዘይነብ ትባላለች፤ ከቆዳ ላይ ፀጉር ከሚፍቁት ሴቶች አንዷ ናት። እጇ እስከ ክርኗ በኖራ ተልጧል።

«ሬሳውን ያየው መርማሪ እርስዎ ነዎት?» አለችው። «የእኔም ባል እዚያው በርሜል ነው የሞተው። ሸፊ ይባላል። ባለፈው በጋ ነው።»

«እንዴት ሞተ?»

«ክዳኑ ተከፍቶ ቆዳ ሲጭን በርሜሉ ተነሥቶ ክንዱን ይዞ ጎተተው። ድሮ ክዳኑ ክፍት ከሆነ እንዳይነሣ የሚያግድ የብረት ዘንግ ነበረው። ዘንጉን ፈቱት፤ ጭነቱ እንዲፈጥን ነው አሉ። ከወረዳው ሁሉ አንደኛ ወጥተን ቀይ ባንዲራ ተሸለምን። ሸፊን ደግሞ በስብሰባ ላይ ‹በራሱ ግድየለሽነት ሞተ› ብለው አጨበጨቡበት። እኔም እዚያ ተቀምጬ ነበር።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ዛሬ ጠዋት ደበላ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ‹ዘንጉን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ታዝዤ ነው፤ ግን እጁ የእኔ ነው። ነገ በሰው ፊት እናገራለሁ› አለኝ። ማን እንዳዘዘው ጠየቅኩት። ‹ያዘዘኝ ሰው የራሱን ራሱ ይናገር፤ ዕድል እሰጠዋለሁ› አለኝ።»

 ዓምሃ ከደበላ ቀበቶ ላይ የፈታውን የቁልፍ ዘለላ ከኪሱ አወጣና ወደ ጓሮ፣ ከወንዙ ዳር ወዳለው ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት የስብሰባው አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። የሂስና ግለ ሂስ ቀን ስለሆነ ማንም መቅረት አይችልም። ታረቀኝ ከመድረኩ ሆኖ ጀመረ። «ጓዶች፣ ትላንት በደረሰው አሳዛኝ ክስተት ሁላችንም እንደ ሠራተኛ ስህተት ፈጽመናል። ሂሳችንን በጋራ እንውጥ...»

«እኔ ሳላኝክ አልውጥም» አለ ዓምሃ ከኋላ እየመጣ። ወደ መድረኩ ወጥቶ ሁለቱን ፊውዞች ቀይ ጨርቅ የለበሰው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ታረቀኝ ሳይወድ ተቀመጠ። ጓድ ስብሐት ከፊተኛው ወንበር ላይ ናቸው፤ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ከአጠገባቸው። ፈድሉ በቶለሳ ታጅቦ ከበሩ ሥር ቆሟል።

«ሁላችሁም የምታውቁትን ልንገራችሁ» አለ ዓምሃ። «ደበላ በርሜል ሲገባ ፊውዙን ነቅሎ ይይዛል። ትላንትም ይዟል። ይኸው ቀዩ፤ ከደረት ኪሱ ነው የወጣው። ስለዚህ ሲገባ በርሜሉ የሞተ ነበር። ከገባ በኋላ አንድ ሰው መጣ። መሰላሉን ወስዶ ከግድግዳው አስደገፈ፤ ክዳኑን ከውጭ ቀረቀረ፤ በሳጥኑ ውስጥ ሌላ ፊውዝ ሰካ። ከዚያ ሄደ። ማብሪያውን ግን አልነካም። ለምን ይነካዋል? ሲረናው ሲነፋ ፈድሉ ሳያይ እንደሚጫነው ያውቃል። እዚህ ቤት ከራሱ ሥራ አልፎ የሚያይ ሰው እንደሌለ ያውቃል። ሰውዬው የገደለበት መሣሪያ ይህ ልማዳችሁ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተንቋቋ።

«ፈድሉ ሊሰካው አይችልም፤ ከመስጊድ ከጓደኞቹ ጋር ሲገባ ሲረናው እየነፋ ነበር። ታዲያ ሁለተኛው ፊውዝ ከየት መጣ? ከግምጃ ቤት አይደለም፤ ፊውዝ ካለቀ ከርሟል። እንግዲህ ከሚሠራ ማሽን ተነቅሏል ማለት ነው። ከምሳ በኋላ ግን ሌሎቹ በርሜሎች፣ ማድረቂያው፣ መፋቂያው ሁሉ ሠርተዋል። ያልሠራው ምንድን ነው?»

ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ።

«እኔ ትላንት የደበላን ደም እጄ ላይ ይዤ ስዞር ዋልኩ» አለ ዓምሃ። «ውኃ የለም። ሁላችሁም ከምሳ ወዲህ እንደሌለ ታውቃላችሁ። ለምን እንደጠፋ አንድ ሰው ሄዶ አላየም፤ የጥገና ጉዳይ ነዋ! ውኃችሁ የሚመጣው ከወንዙ በፓምፕ ነው። የፓምፑን ቤት ሄጄ ከፈትኩት። መቆለፊያው አልተሰበረም። የፓምፑ ሳጥን በር ላይ ደበላ የቀባው ቀለም ሰማያዊ ነው። የፊውዙ ቦታ ባዶ ነው።» ሰማያዊውን ፊውዝ አነሣ። «ይኸው፤ ከበርሜሉ ሳጥን ያወጣሁት።»

«የፓምፑ ቤት ሁለት ቁልፍ አለው። አንደኛው ከደበላ ቀበቶ ላይ፣ ከእርሱው ጋር በርሜል ውስጥ ነበር። ሁለተኛው...»

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ፊተኛው ወንበር ዞረ። ጓድ ስብሐት ቀስ ብለው ተነሡ። ፊታቸው የተለመደው የአባትነት ፊት ነው። «ጓድ መቶ አለቃ፣ እኔ ሁልጊዜ እንደምለው ለሁሉም ነገር ተጠያቂው እኔ ነኝ። ግን ቁልፍ ይሰረቃል፤ ሰው ይወስዳል...»

«ቀንም ማታም ከኪሴ አይወጣም ብለውኛል። ደግሞ ቁልፉ ብቻ አይደለም። ትላንት ጠዋት ደበላ በኮሪደሩ ላይ ለአንድ ሰው ‹እርስዎ የእርስዎን ይናገሩ› ብሏል። እዚያ ኮሪደር ላይ ሁለት ቢሮ አለ። ታረቀኝን ደበላ ‹ታሬ› ነው የሚለው፤ አንተ ተባብለው ያደጉ ናቸው። አንቱ የሚለው እርስዎን ነው። የበርሜሉን ዘንግ እንዲፈታ ያዘዙት እርስዎ ነዎት። ሸፊ ሞተ፤ በሸፊ አሳበቡ። ደበላ ዛሬ፣ እዚች ወንበር ላይ ቆሞ የራሱን ሊናገር ነበር። የእርስዎንም እንዲናገሩ ዕድል ሰጠዎት። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለው ነገር ‹አሻጥር› ተብሎ ወዴት እንደሚወስድ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ፈሩ። ‹ለሁሉም ተጠያቂ ነኝ› የሚል ሰው፣ አንዱን ነጥለው ሲጠይቁት ይፈራል።»

የጓድ ስብሐት ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ሽበታቸውን በእጃቸው አስተካከሉ። ከዚያ አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ የማይረሳውን ነገር ተናገሩ።

«ማብሪያውን የተጫንኩት እኔ አይደለሁም።»

ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ ነበር። የተበደለ ሰው ድምፅ ነበር። ዓምሃ ከመድረኩ ወርዶ አጠገባቸው ቆመ።

«ሲጮኽ ሰምተውታል?» አለ በለሆሳስ።

«... ሲረናው እስኪነፋ ሐሳቡን ይለውጥ እንደሆነ ብዬ ጠርቼው ነበር። አልለውጥም አለኝ። እኔ ክዳን ዘጋሁ እንጂ... ፋብሪካውን አስቡት እስቲ! ባንዲራውን!»

ቶለሳ ክንዳቸውን ያዘ። ይዟቸው ሲወጣ፣ የት እንደጀመረ የማይታወቅ ጭብጨባ ተነሣ። መጀመሪያ ከጥግ፣ ከዚያ ከመሐል፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። በስብሰባ ማብቂያ የለመዱት ጭብጨባ ነው። ታረቀኝም ተነሥቶ ያጨበጭባል። «የተጋለጠው የአሻጥር ኃይል...» እያለ ነው።

«ዝም በሉ!» አለች አንዲት ሴት።

ዘይነብ ናት። ወንበር ላይ ወጥታለች። በኖራ የተላጡ እጆቿን ጎንና ጎኗ ላይ ዘርግታ ቆማለች። «ለሸፊም እንዲህ ነው ያጨበጨባችሁት። ደበላ ሲደበድብ የሰማችሁ ማን ናችሁ? ከዘበኛው ጀምሮ፣ ማን ሰማ? እንደ ሠራተኛ አትበሉኝ። ስም ጥሩ።»

 ወይዘሮ የዓለምወርቅ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ።

«እኔ የዓለምወርቅ ሰምቻለሁ» አሉ። «ሰምቼ ተቀመጥኩ።»

«እኔ ፈድሉ አላየሁም» አለ ከበሩ ሥር ያለው ሰው። «ክዳኑን መክፈት እችል ነበር። እጄ ነው።»

ዘበኛውም ተነሥቶ አንድ ነገር አለ፤ ልቅሶው ግን ቃሉን በላው። የሁሉም ዓይን መድረኩ ላይ ወዳለው ወደ ታረቀኝ ዞረ። ታረቀኝ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ጓዶች፣ በእኛ በኩል በአጠቃላይ...» አለ።

በሳምንቱ ታረቀኝ ተጠባባቂ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተሾመ። ስብሐት ታስረዋል። የሸፊ ሞት እንደገና ይመርመር የሚለውን የዓምሃን ጥያቄ ግን አለቃው «ባንዲራውን የሸለሙት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ አሁን ደግሞ እነርሱን እንጠይቅ?» ብሎ መለሰበት። ዓምሃ ለመታገል ወይም ለመተው ሁለት ቀን አሰበ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ጉለሌ ወጣ። ነገሩን ለዘይነብ ሌላ ሰው እንዲነግርለት አልፈለገም።

ከመፋቂያው በር ላይ አገኛት።

«የሸፊ አልተከፈተም» አላት። «እምቢ ያለው አለቃዬ ነው። ግን እንዲከፈት ማድረግ ያልቻልኩት እኔ ነኝ፤ ዓምሃ። እንደገና እጠይቃለሁ። እስከዚያ ግን በእኔ ቁጠሪው።»

ዘይነብ ከላይ እስከ ታች አየችው። አላመሰገነችውም፤ አልረገመችውምም። «በስምዎ እቆጥረዋለሁ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከአዳራሹ ውስጥ ጩኸት መጣ። ሲረናው ነፍቷል፤ ትልቁ በርሜል ግን ቆሟል። ታረቀኝ ከበሩ ላይ ሆኖ «ፈድሉ! ምን ትጠብቃለህ? ዕቅዱ እየተጓተተ ነው፣ ተጫነው!» ይላል።

ፈድሉ መሰላሉን አምጥቶ አስደገፈ። ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣ። ክዳኑን ከፍቶ ራሱን ወደ ጨለማው አስገባ።

«ሰው አለ?» ሲል ድምፁ ከእንጨቱ ውስጥ ጎልቶ ወጣ።

ታረቀኝ ደግሞ ጮኸ። ፈድሉ አልዞረም። መልስ እስኪያጣ ድረስ ጠበቀ፤ ደግሞ ጠራ።